«ቀን እስኪያልፍ ያለፋል»፦ በብቸኝነት ውስጥ ላለ ሰው የተነገረ አባባል

ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት ይባላል። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይባላል። ሥራ አጥቶ ቤት ለዋለ ልጅ እናቱ ትለዋለች። ከአረብ አገር ደውላ ለምታለቅስ እህት፣ እዚህ ስልኩን የያዘው ሰው ሌላ የሚላት ሲጠፋው ይላታል። ብዙ ጊዜ ከፊቱ «አይዞሽ» ይቀድማል፤ ከኋላው ደግሞ «እግዚአብሔር አለ» ይከተላል። ሦስቱ ተያይዘው የሚነገሩት በከንቱ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ በተለይም ብቻውን ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው።

መጀመሪያ ትርጉሙን እንይ። «እስኪያልፍ» ከማለፍ ነው። «ያለፋል» ደግሞ ከልፋት ነው፤ ያደክማል፣ ያንከራትታል ማለት ነው። ስለዚህ አባባሉ «ክፉው ቀን ማለፉ አይቀርም፤ እስኪያልፍ ግን ያለፋሃል» ይላል። አብዛኞቻችን የምንሰማው ማለፉን ብቻ ነው። አባባሉ ግን የሚያልቀው በልፋቱ ነው። ማለፉን የታወቀ ነገር አድርጎ በመሃል ይጠቅሰዋል፤ ክብደቱን የሚጥለው ድካሙ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የምወደው ለዚህ ነው። የተቸገረን ሰው አያባብልም። «እየለፋህ እንደሆነ አውቃለሁ» ይለዋል።

«ቀን» እኛ ጋ ሃያ አራት ሰዓት ብቻ አይደለም። ቀን ይጥላል፣ ቀን ይወጣለታል፣ ቀን ይጎድልበታል እንላለን። ሽማግሌ ሲመርቅ «ከክፉ ቀን ይሰውርህ» ይላል። ይህ «ክፉ ቀን» በታሪካችን ዓመተ ምሕረት አለው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ታላቁ ረሃብ ስሙ ይኸው ነው። የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ጣልያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገባ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ መሬቱ ጦም አደረ። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። አፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። አባባሉ የተወለደው ያን ጊዜ ነው ማለቴ አይደለም። አያቶቻችን «ቀን» ሲሉ ግን ይህን ሁሉ ይዘው ነው።

የአባባሉን ሥር እኔ የማየው በገበሬው ዓመት ውስጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴን አስቡት። ጎተራው ተራቁቷል። ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው። አረሙ ደግሞ ነገ አይባልም። ሥራው የሚበዛው እህሉ በሚያልቅበት ወር ነው። ገበሬው መስከረም እንደሚጠባ፣ እሸት እንደሚደርስ ያውቃል። ይህ ማወቁ ግን ከአረሙ ቀና አያደርገውም። በባዶ ሆዱ ጎንበስ ብሎ ማረም አለበት። ማለፉን አውቆ መልፋት ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ አባባል አንዳንዴ ሲያስቀይም አያለሁ። አንድ ሰው ገና ሆዱን መናገር ሲጀምር «በቃ፣ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ብለን እንዘጋዋለን። ያን ጊዜ ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ ወሬ ማሳጠሪያ ይሆናል። የኢዮብን ወዳጆች አስታውሱ። ሲመጡ ሐዘኑ እጅግ የበዛ መሆኑን አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ደግ ሥራቸው እሱ ነበር። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

አባባሉ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ቀኑ ያልፋል፣ ያለፋል ይላል። በልፋቱ ሰዓት አብሮህ ማን እንዳለ ግን አይናገርም። ከኋላው «እግዚአብሔር አለ» የምንለው ይህችን ባዶ ቦታ ለመሙላት ይመስለኛል። የክርስትና መጽናኛም ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቀኑ ቶሎ እንደሚያልፍ ቃል አይገባልህም። ቀኑ ሳያልፍ ብቻህን እንዳልሆንህ ይነግርሃል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዚህ ከማንም በላይ የምትታየኝ አጋር ናት። አጋር ግብፃዊት ናት። በሰው አገር፣ በሰው ቤት የምታገለግል ሴት። በዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ላይ ሦራም አብራምም ስለ እሷ ሲነጋገሩ በስሟ አይጠሯትም። «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ» ነው የሚባባሉት። እመቤቷ ስታስጨንቃት እርጉዝ ሆና ወደ ምድረ በዳ ኮበለለች። ወደ ሱር በሚወስደው መንገድ፣ ምንጭ አጠገብ፣ መልአክ አገኛት። የመጀመሪያው ቃሉ ስሟ ነበር፦ «አጋር»። ከዚያ «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይህን የጠየቃት ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። እሷም የተናገራትን አምላክ «ኤልሮኢ» ብላ ጠራችው፤ የሚያየኝ አምላክ ማለቷ ነው።

መልአኩ ከዚያ በኋላ «ተመለሺ» አላት። ይህ ከባድ ቃል ነው። ማንም ይህን ጠቅሶ የተበደለችን ልጅ ወደ በደሏት ሰዎች እንዲመልሳት አልፈልግም፤ ታሪኩም ለዚያ አልተጻፈም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የአጋር ቀን ያን ዕለት አላለፈም። ከዓመታት በኋላ በምዕራፍ 21 ልጇን ይዛ ተባረረች፤ የተሰጣት እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ብቻ ነበር። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውኃው አለቀ። የልጄን ሞት አልይ ብላ ራቅ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ፤ ዓይኗን ከፈተላት፤ የውኃ ጉድጓድም አየች።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አንዲት የሰፈራችን ልጅ ትታወሰኛለች። መካከለኛው ምሥራቅ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ተመልሳለች። ስልኳን ወስደውባታል። ማተቧን አስፈትተዋታል። የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ነበር። የዕረፍት ቀን የሚባል ነገር አልነበራትም። «ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ፤ ሰኞው ከሐሙስ አይለይም ነበር» አለችኝ። ልጅ ሆና ሰንበት ትምህርት ቤት የያዘችው ውዳሴ ማርያም ነበራት። ውዳሴ ማርያም እንደምታውቁት ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። ጠዋት ጠዋት ልብስ እየተኮሰች የዕለቱን በቃሏ ትደግም ጀመር። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ቀን የምትቆጥረው በዚያ ሆነ። አንዳንዴ ፊደል ተምታቶባት ከመሃል ትጀምራለች። በተለይ የሐሙሱን ትወድ ነበር። ሙሴ በበረሃ ያያት፣ እሳት እየነደደባት ያልተቃጠለችው ቁጥቋጦ የምትነሳው በሐሙሱ ነው። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እጇን ግን ልብስ እንደሚተኩስ ሰው ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ታስኬደው ነበር።

እምነት ቀኗን አላሳጠረላትም። ልፋቷንም አልቀነሰላትም። ቀኖቿን ግን ስም ሰጥቶ መለሰላት። ይህን ትንሽ ነገር የሚል ሰው ቀንና ሌሊቱ ተደበላልቆበት አያውቅም።

ደግሞ መጸለይ አቅቶኛል የሚል ሰው አለ። ቃል ይጠፋል። ለዚህ ነው አባቶቻችን ዳዊት በእጃችን ያስያዙን። ዳዊት ውስጥ ምስጋና ብቻ የለም። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚል አለ። «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» የሚል አለ። መዝሙር 88ን (በግእዙ ቁጥር 87ን) ክፈቱ። ቀንና ሌሊት በመጮህ ይጀምራል፤ ወዳጅና ባልንጀራ ከእኔ ራቁ ብሎ ያልቃል። ብርሃን ሳይወጣ ነው የሚዘጋው። ይህ መዝሙር ከመጽሐፉ አልተቆረጠም፤ አልተስተካከለምም። ስለዚህ እንደዚያ ሆነህ ብትጸልይ ጸሎትህ ጎዶሎ ነው የሚልህን አትስማ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን የዋለ ሰው ደግሞ «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» የሚለውን በጉልበቱ ያውቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ ይሰገዳል። «ኪርያላይሶን» ይባላል፣ ይሰገዳል፣ እንደገና ይነሳል። ነጠላው በላብ ይረጥባል። ከሰዓት በኋላ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ አሮጊቶቹ ግድግዳ ይዘው ይነሳሉ፣ መልሰው ይሰግዳሉ። ጌታ በመስቀል ላይ «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ያለው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በእኛም ሰዓት አቆጣጠር ዘጠኝ ነው። «አምላኬ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ» ማለት ነው። ብቻውን የቀረ ሰው የሚናገረውን ቃል ራሱ ተናግሮታል። ብቸኝነቴን ማን ያውቅልኛል ለሚል ክርስቲያን ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላውቅም። ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባውን ቸብ እያደረጉ ስግደት ይሰጣሉ፤ ደክሞ የቆመው ሰው እንደገና ይሰግዳል።

በማግስቱ ቀዳም ስዑር ነው። ከዓርብ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ያከፈሉ አሉ። ትንሣኤ ገና ነው። ካህናቱ ግን ቃጭል እያሰሙ፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጠማ ያድላሉ። ሰው ተቀብሎ ራሱ ላይ ያስረዋል። አባቶች ይህን ሲያስተምሩ የኖኅን ርግብ ያነሳሉ። ርግቢቱ ቅጠል ይዛ ስትመጣ ኖኅ ገና መርከብ ውስጥ ነበር። መሬቱ አልደረቀም። ቅጠሉን ካየ በኋላም ሌላ ሰባት ቀን ቆየ። ምልክቱ የመጣለት ውኃው ሳያልቅ ነው። እኔ ቄጠማውን ሳስር ሁልጊዜ የማስበው ይህን ነው።

ይህ የአንድ ወገን ልማድ ብቻ እንዳይመስል ሌላም ልጨምር። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችውን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ። ድምፅ ቀንሰው ዘመሩ። ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት፣ ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ተገኙ። ያን ዘመን ያሳለፉ ሰዎች ሲያወሩ አስተውሉ። አብልጠው የሚያነሱት ያቺን ጠባብ ሳሎን፣ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ነው።

ነቢዩ ኤልያስም «እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ» ብሎ ነበር። ሞቱን ለምኖ ዛፍ ሥር ተኛ። መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ በላና እንደገና ተኛ። ሁለተኛ ቀስቅሶት «መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። በኋላ ኮሬብ ላይ እግዚአብሔር ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ከዚያም ኤልሳዕን ሰጠው።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ በዚህ ቀን ውስጥ ከሆናችሁ ሰው ፈልጉ። የንስሐ አባት ካላችሁ ደውሉ፤ አታስቸግሯቸውም። ጽዋ ማኅበር ወይም የጸሎት ቡድን በአቅራቢያችሁ ካለ አንድ ቀን ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ። መውጣት የማትችሉ ደግሞ ድምፃችሁን የሚሰማ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ በቴሌግራምም ቢሆን። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ሞት ሞት ካለ ግን ሳትቆዩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጸሎት ትቶ መሄድ አይደለም፤ ኤልያስም ከቃሉ በፊት የተሰጠው ምግብና እንቅልፍ ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለባችሁ ደግሞ አባባሉን ለመናገር አትቸኩሉ። ቡና አፍሉለት። እስኪጨርስ አዳምጡት። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» የሚለውን እሱ ራሱ ሲለው «እውነት ነው» በሉት፤ ነገም ተመልሳችሁ ኑ።