ከጥቃት በኋላ የሚቀር ሀፍረት ምንድን ነው?

ጸጸት «ጥፋት ሠራሁ» ይላል፤ ሀፍረት ግን «ጥፋቱ እኔው ነኝ» ያሰኛል። ጸጸት በይቅርታና በካሳ ይቃለላል። ሀፍረት አንገት ያስደፋል፣ ድምፅ ያጠፋል፣ ከሰው ያሸሻል። ከይሉኝታም ይለያል፦ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ እንኳ አይለቅም።

ምንም ያላጠፋ ሰው ስለ ምን ያፍራል? አንዱ ትልቅ ምክንያት ሰውነቱ በዚያች ሰዓት ያደረገውን አዛብቶ መረዳቱ ነው። አደጋ ሲመጣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ሰውነትን ያስጠነቅቃል። መታገልም ማምለጥም የማይቻል ሲሆን ሰውነት ሊደርቅ ይችላል፤ እጅ እግር አይታዘዝም፣ ጩኸትም ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ይህ ከፈቃድ ውጭ የሚሆን፣ በብዙ እንስሳትም የሚታይ መከላከያ ነው። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ግን ሰውየው ተረጋግቶ በሚያስብ አእምሮው ያቺን ሰዓት ይዳኛታል፦ «ለምን አልጮህኩም?» ፍርዱም በራሱ ላይ ይሆናል። ራስን መውቀስ ደግሞ ስውር ማባበያ አለው፤ «ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ዳግም እንዳይደርስብኝ ማድረግ እችላለሁ» ያሰኛል። «ያንተ ጥፋት አይደለም» የሚለው ቃል ብቻውን የማይፈውሰውም ለዚህ ነው።

ሕክምናው ከሰውነት ቢጀምር ይሻላል። በአፍንጫ 4 ሰከንድ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ፣ ለ5 ደቂቃ። ዓይን ሲጨፈን ትዕይንቱ የሚመጣ ከሆነ ገልጦ አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። ራስ ካዞረ ወደ ተለመደው አተነፋፈስ መመለስ።

ረጋ ሲሉ በወረቀት ላይ፦ ያኔ ምን አውቅ ነበር? ምን ምርጫ ነበረኝ? ሰውነቴ ምን አደረገ? ዛሬ የታወቀውን ወደ ያኔ መውሰድ አይፈቀድም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይህንኑ የራስ ወቀሳ ከባለሙያ ጋር የሚመረምር፣ ብዙውን ጊዜ 12 ክፍለ ጊዜ የሚወስድ የታወቀ የንግግር ሕክምና አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ወረቀቱ ይቆይ፤ ብቻን ሳይሆኑ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ለአንድ የሚታመን ሰው ጥቂቱን መንገር ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መዘርገፍ ሰውነትን መልሶ ወደ ድንጋጤው ሊከተው ይችላል። ሰሚውም «ለምን ዝም አልሽ?» አይበል። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ አምንሻለሁ» ብሎ ፊቱን ሳያዞር ይቀመጥ።