«ያለ ቀዶ ጥገና» ሲሉህ የቱን ነው?

ደሴ ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ ጎረቤቴ የአልትራሳውንድ ወረቀቱን ዘረጋ። ግራ ኩላሊት፣ 14 ሚሊ ሜትር ጠጠር። «ያለ ቀዶ ጥገና ይወጣል አሉኝ» አለ። የቱ ግን? በዚህ ስም የሚጠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንዱ ከውጭ በሞገድ መምታት ነው። ሰውነት አይቀደድም። ጠጠሩ ይሰባበራል እንጂ አይወጣም፤ ፍርፋሪውን በሽንት የምታወርደው አንተ ነህ። ያማል። ጠጠሩ ከኩላሊቱ ታችኛ ክፍል ካለ ደግሞ ፍርፋሪው ሽቅብ መውጣት አለበት፣ ስለዚህ ሞገዱ ብዙም አያዋጣም። ለነፍሰ ጡርም አይሆንም።

ሌላው ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫ አስገብቶ በሌዘር መፍጨት ነው። እዚህም ቆዳ አይቀደድም፣ ማደንዘዣ ግን አለ። ብዙ ጊዜ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይተውልሃል። የሚወጣበትን ቀን ሳታጽፍ እንዳትሄድ! ተሻለኝ ብለህ ከረሳኸው ቱቦው ራሱ ጠጠር ያበቅላል።

ሦስተኛው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነው ነው። በጀርባ በኩል 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበሳና ጠጠሩ በዚያ ይወጣል። ትልቁን ጠጠር አንዴ ለማጽዳት የሚሻለው እሱ ነው፣ ግን ሆስፒታል ያስተኛል፣ ደምም ሊፈስ ይችላል። ይህን «ያለ ቀዶ ጥገና» ማለት ለእኔ ማጋነን ነው።

ጎረቤቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ታች ነው ላይ ነው ብዬ ልጠይቃቸው» አለ።