«ተዘጋ» የተባለ ሐዲድ እንዴት ይከፈታል?

የአየርላንድ ባቡር ወሬ ሲነሳ ይሄ ጥያቄ አይቀርም። መስመር ተዘጋ ማለት ባቡር መሄድ አቆመ ማለት ነው። መሬቱ ተሸጠ ማለት አይደለም።

ከሊመሪክ ወደ ፎይንስ ወደብ የሚሄደውን መስመር እንይ። ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገደኛ መጫን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ጭነቱም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቀረ። መስመሩን ግን በይፋ የሰረዘው የለም። ሐዲዱ ቁጥቋጦ ውጦት ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ለወደቡ ጭነት ተብሎ እንደ አዲስ መሠራት ጀመረ።

ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። ከዋተርፎርድ ወደ ደንጋርቫን የነበረው ዛሬ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ነው። ሰው የለመደውን መንገድ መልሶ መውሰድ ደግሞ ከሐዲድ ሥራው ሳይብስ አይቀርም! ከአተንራይ ወደ ክሌርሞሪስ የሚሄደው የተዘጋ መስመር ደግሞ እንዲከፈት በ2024 የወጣው የመላ ደሴቲቱ የባቡር ጥናት መክሯል። ይሄ ግን ምክረ ሐሳብ ነው፤ በጀቱን የሚመድበው መንግሥት ነው።