ማይክሮ አርኤንኤ ምንድን ነው? የጉንፋኑን ክብደትስ ከደም ላይ ማንበብ ይቻላል?

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ የማያስል ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንዱ ቫይረስ ይይዛቸዋል። አንዱ ፌጦውንና ዝንጅብሉን ብሎ በሦስተኛው ቀን ሥራ ይገባል፣ ሌላው ኦክስጅን ይደረግለታል። ከአፍንጫ የሚወሰደው ናሙና ቫይረሱ መኖሩን ይናገራል እንጂ ማን እንደሚብስበት አይነግረንም። ማይክሮ አርኤንኤን የሚያጠኑ ሰዎች የሚፈልጉት ይህንን ነው።

በሴላችን ውስጥ ጂን መጀመሪያ ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ (የጂኑን መልእክት ወደሚይዝ ቅጂ ሞለኪውል) ይገለበጣል፣ ከዚያ በመልእክቱ መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ፊደል (አርኤንኤ የሚገነባበት አሃድ) ገደማ ያላት የአርኤንኤ ቁራጭ ናት። ራሷ ፕሮቲን አትሆንም። መልእክተኛው ላይ ትለጠፍና ዝም ታሰኘዋለች፣ ወይም እንዲፈርስ ታደርጋለች። ተመራማሪዎቹ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ሲያሳዩት ብዙው ሰው የትሏ ጉዳይ ነው ብሎ አለፈው። በ2000 ሌላዋ ዓይነት በሰውም ውስጥ ተገኘች። ኖቤሉ የመጣው በ2024 ነው።

እርቃኑን ያለ አርኤንኤ ደም ውስጥ ወዲያው ይፈርሳል። ማይክሮ አርኤንኤዎች ግን በጥቃቅን ከረጢት ተጠቅልለው ወይም ፕሮቲን ላይ ተጣብቀው ስለሚዞሩ ይቆያሉ። ሰውነት ቫይረስ ሲገጥመው መጠናቸው ይለዋወጣል። ሚር-155 ("ሚር" የማይክሮ አርኤንኤ ማሳጠሪያ ነው፣ ቁጥሩ ዓይነቷን ይለያል) ብግነት ሲነሳ ትጨምራለች፣ ሚር-146ኤ ደግሞ የብግነቱ ፍሬን ናት። በከባድ ኮቪድ ታማሚዎች ላይ ፍሬኗ ዝቅ ብላ የተገኘችባቸው ጥናቶች አሉ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የእኛ እንጂ የቫይረሱ አይደሉም። የሚነግሩን ሰውነት እንዴት እየተዋጋ እንደሆነ ነው።

ታዲያ ለምን ጤና ጣቢያ አይታዘዝም? አንዱ ጣጣ ናሙናው ላይ ነው። ከመንዝ የተቀዳ ደም በኮረኮንች መንገድ ተንገጫግጮ ደብረ ብርሃን ደረሰ እንበል። በሴንትሪፉጅ (ደሙን አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) ሲዞር ከላይ ገለባ መሳይ ቢጫ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ቀይ የደም ሴሎች ፈነዱ ማለት ነው። እነሱ ደግሞ በሚር-16 እና በሚር-451 የታጨቁ ናቸው። ማሽኑ በትክክል ይቆጥራል፣ ግን የቆጠረው የመንገዱን ነገር ነው፤ የበሽታውን አይደለም።

ለእኛ አገር ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ሴል ኦክስጅን ሲያጥረው ሚር-210 ትጨምራለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው ያለው፣ ጃኬቱንም አውልቋል። ታዲያ የሁለቱ ከተማ ጤነኛ ሰው ልኬት አንድ ነው? ቆላ ላይ የወጣ መቁረጫ ቁጥር (ጤነኛውን ከታማሚው የሚለይ ልክ) ደጋ ላይ ሳይፈተሽ ሊሠራበት አይገባም ባይ ነኝ። መጀመሪያ የጤነኛው ደገኛ ደም ይለካ።

ደግሞም ልኬቱ ፒሲአር ማሽንና የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ውጤቱም ሰዓታት ይወስዳል። ስለዚህ ለጊዜው ተረኛው ነርስ የትንፋሹን ፍጥነት ይቆጥራል፣ ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያዋን ይሰካል፣ ካለ ደግሞ ሲአርፒ (ብግነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታዘዛል።