«ኬቲ ኦቨር ቪ» ምንድን ነው? 1.4 ማለት መቶ አርባ በመቶ አይደለም

በኩላሊት እጥበት ዙሪያ ከሚነሱት ቁጥሮች ሁሉ እንደ «ኬቲ ኦቨር ቪ» (Kt/V፣ አንድ እጥበት በቂ መሆኑ የሚለካበት ቁጥር) በድፍረት የሚጠቀስ፣ በዚያው ልክ ያለ ትርጉሙ የሚነገር አላጋጠመኝም። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ አንድ አስተያየት ሰጪ ነው፤ የአባቱ ቁጥር 1.4 በመድረሱ ደሙ «ከመቶ በመቶ በላይ ታጥቧል» ብሎ ደመደመ፣ ከዚያም በሳምንት ሦስት ጊዜ የነበረው እጥበት ወደ ሁለት ቢቀነስ ጉዳት እንደማይኖረው ለሌሎች ቤተሰቦች ጭምር መከረ። በዚህ ምክር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች አሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

«ኬ» ማጣሪያው በየደቂቃው ከዩሪያ (ኩላሊት በሽንት ከሚያስወጣቸው ቆሻሻዎች አንዱ) የሚያጸዳው የደም መጠን ነው፤ «ቲ» እጥበቱ የፈጀው ጊዜ፣ «ቪ» ደግሞ ዩሪያ የተሰራጨበት የሰውነት ውኃ ነው፤ «ኬ» በ«ቲ» ተባዝቶ ለ«ቪ» ሲካፈል ቁጥሩ ይገኛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በሰውነቱ ውስጥ ወደ 40 ሊትር ውኃ አለው እንበል። ማጣሪያው በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር እያጸዳ ለ240 ደቂቃ ቢሠራ የጸዳው 48 ሊትር ይሆናል፤ 48 ለ40 ሲካፈል 1.2 ይወጣል። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው «እንግዲህ 120 በመቶ ማለት ነው» የሚለው።

አይደለም። በሳፋ የተዘፈዘፈ ጋቢን አስቡ። ሳፋው 40 ሊትር ይይዛል፤ ከላይ ንጹሕ ውኃ በጆግ እያፈሰስን፣ የቆሸሸው ከጠርዙ እየፈሰሰ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ጆጎች የሚያስወጡት ውኃ ጥቁር ነው፤ ኋላ ግን የሚፈሰው ራሱ እየነጣ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ጆግ የሚያወጣው እድፍ እያነሰ ይመጣል። ምክንያቱም የጨመርነው ንጹሕ ውኃ ሳፋው ውስጥ ካለው ጋር ይቀላቀላል እንጂ ቆሻሻውን ለብቻው ገፍቶ አያስወጣም። 48 ሊትር ከፈሰሰ በኋላም 30 በመቶ ያህሉ እድፍ እዚያው ይቀራል። በ1.4 የሚቀረው 25 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ1.2 በእጥፍ ደክመን 2.4 ብናደርሰው እንኳ 9 በመቶው ይቀራል። በታማሚ ላይ ሲለካ 1.2 የሚገጥመው ዩሪያው በ65 በመቶ ገደማ ከቀነሰበት እጥበት ጋር ነው፤ በአራቱ ሰዓት ውስጥም ሰውነት ዩሪያ ማምረቱን አያቆምምና፣ ከሰውነት የሚወጣው ፈሳሽም የራሱን ዩሪያ ይዞ ይሄዳልና ስሌቱ ትንሽ ይዛባል።

ሁለተኛው ስሕተት ቁጥሩ የአንድ ቀን እጥበት መለኪያ መሆኑን መርሳት ነው። የአሜሪካ የኩላሊት ባለሙያዎች መመሪያ በ2015 ያስቀመጠው የ1.4 ዒላማና የ1.2 ዝቅተኛ ወሰን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው የተባለ ነው። ጋቢው በየቀኑ ይለበሳል፤ ሰኞ የቱንም ያህል ቢነጣ ሐሙስ የሚገኘው የሦስት ቀን እድፍ ይዞ ነው። ጤነኛ ኩላሊት በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ሲያጣራ በቀን 144 ሊትር ይሆናል፤ የእኛ ታማሚ ደግሞ በሦስት እጥበት፣ በሳምንት ማለት ነው፣ የሚያገኘው ያንኑ 144 ሊትር ነው። (ኩላሊት ከዩሪያው ከፊሉን መልሶ ስለሚመጥ ንጽጽሩ ሻካራ ነው፤ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።) ከሦስቱ አንዱን ስናጎድል የምናጎድለው ከዚህች ላይ ነው።

በሁለት እጥበቶች መካከል ያለው የመቆያው ርዝመት ራሱም ይገድላል። በ2011 የታተመና 32,065 አሜሪካውያን ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት በሳምንት ሦስት ጊዜ በሚታጠቡት ዘንድ እንኳ ከረጅሙ የሳምንት መጨረሻ መቆያ በኋላ ባለው ቀን የሞት መጠኑ፣ ለ100 ሰው በዓመት ሲሰላ፣ 22.1 ሲሆን በሌሎቹ ቀናት 18.0 እንደነበረ አሳይቷል። ሰኞና ሐሙስ ብቻ የሚታጠብ ሰው አንዱ መቆያው አራት ቀን ነው። በኢትዮጵያ ብዙዎች ሁለት ጊዜ የሚታጠቡት ቁጥሩ ስለፈቀደላቸው አይደለም፤ ዋጋው ስለከበዳቸው ነው፤ ችግርን የሳይንስ ልብስ አናልብሰው።

«ጥናት እኮ ብዙ ማጠብ እንደማይጠቅም አረጋግጧል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሚጠቀሰው በ2002 ውጤቱ የወጣው «ሄሞ» የተባለው ጥናት ነው። 1,846 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው አንደኛው ወገን በአማካይ 1.32፣ ሌላኛው 1.71 ደረሰ፤ በሁለቱ መካከል በሞት ረገድ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠቡ ነበር፤ ዝቅተኛ የተባለው ቡድንም ከ1.2 በላይ ነበረ። ስለዚህ ጥናቱ በቂ ከሆነ በኋላ ቁጥሩን ብቻ መጨመር ትርፉ ትንሽ መሆኑን እንጂ፣ ከበቂ በታች መውረድ እንደማይጎዳ አይነግረንም። ጎችና ሳርጀንት የተባሉ ተመራማሪዎች የ1985ቱ ትንታኔ ከ0.8 በታች የወረዱት ታማሚዎች ችግር እንደበዛባቸው አሳይቶ ነበር፤ መለኪያውም ዝናው የጀመረው ከዚያ ነው።

ወደ ጋቢው ልመለስ፤ ማጠብ ብቻ ሳይሆን መጭመቅም አለና። በሁለት እጥበቶች መካከል የተጠራቀመውን ፈሳሽ ማውጣት መጭመቁ ነው፤ «ኬቲ ኦቨር ቪ» ስለ እርሱ አንዳች አይናገርም። ቁጥሩ 1.6 ሆኖ እግሩ ያበጠና ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሊኖር ይችላል። በኃይል የተጨመቀ ጋቢ ደግሞ ይቀደዳል፤ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ማውጣት ከብዙ ሞት ጋር ተያይዞ ታይቷል፣ ምንም እንኳ ይህ በዕጣ ከተከፈለ ጥናት ሳይሆን ከምልከታ የተገኘ ቢሆንም። በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው እድፍ ማለትም ፎስፌትና ቤታ ሁለት ማይክሮግሎቡሊን የተባለውን ፕሮቲን የመሳሰሉት ከዩሪያ ይልቅ ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ ዩሪያ ለመለካት ቀላል ስለሆነ የተመረጠ ወኪል እንጂ ዋናው መርዝ አይደለም። ትንሽ ጨርቅ ደግሞ ቶሎ ይታጠባል፦ በምግብ እጥረት እየመነመነ የሚሄድ ታማሚ «ቪ»ው እየጠበበ ስለሚሄድ ቁጥሩ ያለ ምንም የሕክምና መሻሻል ያድጋል። ቁጥሩ አደገ ተብሎ እንኳን ደስ አለዎት የተባለ፣ ግን ልብሱ የሰፋው ሰው ስመለከት የምናደደው ለዚህ ነው።

የደም ናሙናውን ነገርም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከእጥበት በኋላ የሚወሰደው ናሙና ፓምፑ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከተቀዳ፣ በተለይም ፊስቱላው (ለእጥበት ደም የሚቀዳበት፣ በቀዶ ጥገና የተገናኘ የደም ሥር) የታጠበውን ደም መልሶ የሚስብ ከሆነ፣ የሚለካው አሁን ከማጣሪያው የወጣ ደም ይሆንና ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። በማሽኑ ስክሪን ላይ የሚታየውም ቢሆን የገባለትን ክብደት ተከትሎ የሚሰላ ነው።

ሁለት ጊዜ መታጠብ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ገና ሽንት የሚሸና ሰው የራሱ ኩላሊት በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ያግዘዋል፤ በሆድ በኩል በሚታጠቡ ታማሚዎች ላይ በተሠራና በ2001 በታተመ ትንታኔ በቀን እያንዳንዱ ተጨማሪ 250 ሚሊ ሊትር ሽንት ከ36 በመቶ ያነሰ የሞት አደጋ ጋር ተያይዟል። እንግዲህ ያ ልጅ የአባቱን እጥበት ከመቀነሱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው በወረቀቱ ላይ ያለውን 1.4 ሳይሆን በሁለት እጥበቶች መካከል ተጠራቅሞ የተለካ የአባቱን ሽንት ነው፤ ልኬቱም በየጥቂት ወራቱ መደገም አለበት፣ ሽንቱ ማንም ሳያስተውለው ሊደርቅ ይችላልና።