የትራኮማ መድኃኒት እደላና የጎንዮሽ ጉዳቶቹ በአማራ ክልል

ትራኮማ በዓለም ላይ ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ብዙ ሰው ያሳወረ ነው። ከባዱን ሸክም የተሸከመችው ኢትዮጵያ ናት፤ ከኢትዮጵያም የአማራ ክልል ክፉኛ ተጎድቷል። በሽታው በተስፋፋበት ወረዳ መድኃኒቱ የሚታደለው ለታመመ ብቻ አይደለም። ትልቁም ትንሹም፣ ጤነኛውም በዘመቻ ይወስዳል። ዓይኑን ምንም ያላለው ሰው ሆዱን ሊያመው ይችላል ማለት ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ድሮ የነበረው ለስድስት ሳምንት በቀን ሁለቴ የሚቀባ የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። አሁን የሚታደለው አዚትሮማይሲን፣ በተለምዶ ዚትሮማክስ የሚባለው፣ አንዴ ተውጦ ያልቃል። መጠኑ የሚወሰነው በቁመት መለኪያ ዘንግ ነው፤ ለአዋቂ እስከ 1 ግራም ይደርሳል።

ስለ ጉዳቱ ብዙ የምናውቀው ከምሥራቅ ጎጃሙ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያ የተጀመረው ጥናት ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳል። የጎንቻ ገበሬ ለዓለም ሕክምና ያበረከተው ቀላል አይደለም። ከእደላ በኋላ ሰዎች ሲጠየቁ በብዛት ያነሱት የሆድ ሕመም፣ ትውከትና ማቅለሽለሽ ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ፣ ከ10 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ ከ17 እስከ 19 በመቶ ገደማ አንድ ነገር ተሰምቷቸዋል። የልጆቹ ቁጥር ያነሰው ሕመማቸውን በደንብ ስለማይናገሩም ሊሆን ይችላል።

የበለጠ የሚያሳስበው ጀርሞች መድኃኒቱን መልመዳቸው ነው። የሳንባ ምች የሚያመጣውና በልጆች አፍንጫ ውስጥ የሚኖረው ኒሞኮከስ ከአማራ ክልል ውጭ፣ በጉራጌ ዞን፣ ተደጋጋሚ እደላ በተደረገባቸው መንደሮች መድኃኒቱን ተቋቋመ። በዓመት ሁለቴ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ከታደለ በኋላ ከተገኘው ኒሞኮከስ 77 በመቶ ገደማው መድኃኒቱን የለመደ ነበር። እደላው ቆሞ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ 21 በመቶ ገደማ ወረደ። ወረደ እንጂ አልጠፋም። የትራኮማው ጀርም ራሱ ግን በዚያ ጥናት መድኃኒቱን ለምዶ አልተገኘም።

መልካም የጎንዮሽ ውጤትም አለ። ጎንቻ ውስጥ መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አንዳንዶች ይህ የአጋጣሚ ነው ቢሉም፣ በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት 13.5 በመቶ ቅናሽ አሳይቷል።

ከ6 ወር በታች ያሉ ጨቅላዎች አይውጡም፤ ቅባቱ ይሰጣቸዋል። መድኃኒቱ በአራስ ሕፃናት ላይ ከጨጓራ መውጫ መጥበብ ጋር ስለሚያያዝ ነው። የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰውም ከመውሰዱ በፊት ለአዳዩ ይንገር። ለትንንሽ ልጆች ክኒን ሳይሆን ሽሮፕ ይሰጣል። የሚያለቅስ ልጅ ግን በግድ እንዲውጥ አይደረግም፤ አፍንጫውን ይዞ አፉ ውስጥ መጨመር ትን ብሎት ሊገድለው ይችላል። እናቱ ታቅፋ ታባብለው፣ ዝም ሲል ይሰጠው። ካልሆነ በሌላ ቀን ይመለስ።