ብሎክ ኮዲንግ ምንድን ነው?

ኮድ (ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ) መጻፍ የሚጀምር ልጅን ቶሎ የሚያሰለቸው ማሰቡ አይደለም፤ ፊደል መልቀሙ ነው። አንዲት ቅንፍ ከተረሳች ፕሮግራሙ አሻፈረኝ ይላል። ልጁም ሐሳቡን ትቶ የጠፋች ቅንፍ ሲፈልግ ይውላል።

ብሎክ ኮዲንግ ይህን ጣጣ ያነሳለታል። ትእዛዞቹ ተጽፈው ያለቁ ባለቀለም ቁርጥራጮች ናቸው። ልጁ በማውስ እየጎተተ ያገጣጥማቸዋል። አብረው የማይሄዱት ቅርጻቸው ስለማይገጥም አይያያዙም።

በጣም የታወቀው ስክራች ነው። ሚቼል ሬስኒክና ባልደረቦቹ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ሚዲያ ላብ በሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ለቀቁት። በነፃ ነው፤ የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ትእዛዞቹን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል። ለትንንሾቹ ደግሞ ስክራች ጁኒየር አለ።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ድመት አለች። ልጁ የምትስልበትን እስክሪብቶ ያወርድላታል። ከዚያ «100 እርምጃ» እና «90 ዲግሪ መዞር» የሚሉትን ብሎኮች «4 ጊዜ ድገም» በሚለው ሆድ ውስጥ ይከታል። ካሬ ወጣ!

አሁን እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሞክር። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ተምሯል። ስለዚህ 60 ብሎ 3 ጊዜ ያስደግማል። ድመቷ ግን መነሻዋ ላይ አትደርስም፤ የባለስድስት ጎን ቅርጽ ግማሹን ስላ ቁጭ! ይሄኔ ልጁን «ተነስና አንተ ድመቷን ሁን» በሉት። ወለሉ ላይ እየተራመደ ሲታጠፍ ነገሩ ይገለጥለታል። 60 የቅርጹ የውስጥ ማዕዘን ነው፤ እሱ መዞር ያለበት ግን ከ180 ላይ የሚቀረውን፣ 120ውን ነው።

ይህ በገዛ አካል የማሰብ ዘዴ ከስክራች በፊትም ነበር። ሲሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዋሊ ፎይርዛይግ እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የልጆች ቋንቋ ሠሩ። እዚያ በትእዛዝ እየተንቀሳቀሰች የምትስለው ኤሊ ነበረች፤ የዛሬዋ ድመት ታላቅ እህት ናት ማለት ይቻላል።

«ጨዋታ እንጂ ፕሮግራሚንግ አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሉፑም (ድግግሞሹ)፣ «ከሆነ» የሚለው ቅድመ ሁኔታም፣ ቫሪያብሉም (እንደ ነጥብ ያለ የሚለዋወጥ ዋጋ መያዣው) ፓይተን በተባለው የጽሑፍ ኮድ ቋንቋ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ናቸው። እርግጥ ፕሮግራሙ ሲረዝም ብሎኩ ስክሪን ሞልቶ ያስቸግራል፤ ያኔ ወደ ጽሑፍ ኮድ መሻገር ነው።

አጠገቡ ከተቀመጣችሁ አደራ፣ ማውሱን አትቀሙት። «ምን እንድታደርግ ፈልገህ ነበር? እሷስ ምን አደረገች?» ብላችሁ ጠይቁትና ጠብቁ።